እንዶድና ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚወጣበት ሰሞን እኔ በምኖርበት በኮልፌ 18 ማዞሪያ በየቤቱ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። ሕክምና የደረሰው ልጅ ለቤተሰቡ ክብር ነው። ንግድ ሥራ የደረሰው ደግሞ መቼም አይራብም ይባላል። ሂሳብ የደረሰው ከመምህርነት አያልፍም ተብሎ ይታዘንለታል፤ ሶሻል ሳይንስ የደረሰውማ ከነጭራሹ እንዳልተማረ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ልጆቹም ይህንኑ ሰምተው ያድጉና ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በጎረቤት ትምህርት ክፍል ምን እንደሚሠራ እንኳ ሳይጠይቁ ተመርቀው ይወጣሉ። በዚህ ክርክር ውስጥ በገባሁ ቁጥር የማነሳው የአንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ሕይወት አለ። ለጎረቤቶቼ በቃል ስናገረው የኖርኩትን ዛሬ በጽሑፍ ላቀርበው ወደድኩ። ሰውየው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። በጽሑፌ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳውቅ።

ስማቸውን ብዙዎቻችን ከእንዶድ ጋር እናውቀዋለን፤ ዕውቀታችን ግን ከዚያ አያልፍም። እንዶድ ደግሞ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። እናቴ ነጠላና ጋቢ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ትግርኛ ተናጋሪዎች ሽብቲ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች አንዶዴ ይሉታል። ሳሙና ባልነበረበት ዘመን አገር የታጠበው በእሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለመሆኑ ይህ የጓዳ ዕቃ እንዴት አድርጎ የለንደንን፣ የካሊፎርኒያንና የጄኔቭን ሊቃውንት ሊያከራክር ቻለ?

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በ1935 ነው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጤና ዘርፍ ዶክትሬታቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጊዜው እንዲህ ያለ ዲግሪ ይዞ የተመለሰ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ይዞ ቢቀመጥ የሚወቅሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ቢልሃርዝያን ፍለጋ ወደ ወንዝ ወረዱ።

ቢልሃርዝያ ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ፤ ይህን ሳናውቅ የሰውየውን ሥራ መገመት አንችልምና። በሽታው ስሙን ያገኘው ትሉን በ1851 በካይሮ ከለየው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ የሚኖረው በሰው ደም ሥር ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ወይም ከሽንት ጋር ወጥቶ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነፍስ ወደ አንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ሆድ ካልገባ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ከገባ ግን ከሳምንታት በኋላ ከዚያች አንዲት ቀንድ አውጣ በሺህ የሚቆጠሩ እጮች ይወጡና ውሃው ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። በአገራችን ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ሲሆን በከሚሴ፣ በባሕር ዳር፣ በዝዋይ፣ በአድዋና በሌሎችም ብዙ ቦታዎች ይገኛል። ሁለተኛው የሽንት ፊኛንና ማሕፀንን የሚያጠቃው ነው፤ እሱም በአዋሽ መካከለኛና ታችኛው ሸለቆ፣ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆና በሱዳን ጠረፍ በኩርሙክ የተወሰነ ነው። እኛን አዲስ አበቤዎችን በአብዛኛው ከፍታውና ብርዱ ይጠብቀናል። ለዒድ አገር ቤት ሄዶ ከዘመዶቹ ልጆች ጋር ወንዝ የሚዋኘውን የኮልፌ ልጅ ግን ማንም አይጠብቀውም።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ በአድዋ አካባቢ ወንዞች የቀንድ አውጣዎቹን ስርጭት እያጠኑ ነበር። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ባለው ውሃ ላይ፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ በዛ ያሉ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ሲንሳፈፉ አዩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በተቀመጡበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ጨመረች፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። የምርምሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው፤ ማይክሮስኮፕም፣ የውጭ ባለሙያም አልነበረበትም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በዚያ ወንዝ ዳር ከእሳቸው በፊት ስንት የተማረ ሰው አልፏል? ሴቶቹስ ስንት ዘመን አጥበዋል? እንዶድ ዓሣን እንደሚገድል፣ ከብት ቢበላው እንደሚጎዳው፣ አልቅትን እንደሚያስለቅቅ የገጠር ሰው ያውቅ ነበር። የዶክተር አክሊሉ ልዩነት የሞተውን ቀንድ አውጣ ማየታቸው ብቻ አልነበረም። ላይኛው ውሃ ላይ ያለችውን ሴት የነገሩ አካል አድርገው መቁጠራቸውም ነበር። ቀንድ አውጣውን ብቻ የሚቆጥር የእንስሳት ሊቅ ቢሆን የሞተውን መዝግቦ ይሄድ ነበር። ሶሻል ሳይንስ ብለን የምንንቀው ትምህርት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ወደ ውሃው የሚወርደው ማነው? መቼ? ለምን? ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው፤ የሚዋኙት ወንዶች ልጆች ናቸው፤ በመስኖ ሲሠራ የሚውለው የቀን ሠራተኛ ነው። በወንዝ ዳር ውዱእ የሚያደርገው ሰጋጅም እዚሁ ውስጥ ይገባል፤ በተለያዩ አገሮች የሰውና የውሃ ግንኙነትን ያጠኑ ሰዎች ይህንንም ቆጥረውታል። (በሽታው ባለበት አገር ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ካደረ እጮቹ ይሞታሉ። አገር ቤት ዘመድ ያላችሁ ብታደርሱላቸው መልካም ነው።) በወንጂ በሽታው ከስኳር ልማቱ መስኖ ጋር ተያይዞ መስፋፋቱ የታወቀ ነው። እንግዲህ ቢልሃርዝያ የትል ጉዳይ የሆነውን ያህል የሥራ ክፍፍልና የኢኮኖሚ ጉዳይም ነው።

በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም እሳቸው ሆኑ። ተቋሙ የሠራው በእንዶድ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ለምሳሌ ቁንጭርን በሚያመጣው ሊሽማንያ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሉ። ዋናው ሥራ ግን አድዋ ላይ ነበር። ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመታት በከተማዋ ውሃዎች ላይ በአካባቢው የተለቀመ እንዶድ እየተወቀጠ ተጨመረ፤ ሕዝቡም በየጊዜው ተመረመረ።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፤ ከመምህርነት አያልፍም ወደምንለው። በ1965 ጆርጅ ማክዶናልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ የቢልሃርዝያን መተላለፍ በሂሳብ ቀመር አስቀምጦ ነበር። የቀመሩ ፍሬ ነገር ለማንም የሚገባ ነው። ይህ ትል በሰው ሰውነት ውስጥ አይባዛም፤ እያንዳንዱ ትል በቆዳ በኩል ለብቻው የገባ ነው። እንቁላል ለመጣል ደግሞ ወንዱና ሴቷ በደም ሥር ውስጥ መገናኘት አለባቸው። ታዲያ በአንድ ሰው ውስጥ ያሉት ትሎች ቁጥር እያነሰ ሲሄድ የመገናኘታቸው ዕድል ከቁጥሩ በባሰ ፍጥነት ይወድቃል። ከአንድ ወለል በታች ሲወርድ በሽታው በራሱ ጊዜ ይጠፋል ማለት ነው። ማክዶናልድ በዚያው ስሌት፣ ጥቂት እንቁላል እንኳ ብዙ ቀንድ አውጣ ለመበከል ስለሚበቃ፣ መጸዳጃ ቤት ከመሥራት ይልቅ ቀንድ አውጣውን መቀነስ የበለጠ ውጤት እንደሚኖረው አሳየ። በዚህ በሁለተኛው ነጥብ ላይ ከሱ በኋላ ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ እኔም መጸዳጃ ቤት ይቅር የሚል ሰው እንዲያነበው አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ዶክተር አድዋ ላይ የእንዶድ ዱቄት የሚያስወቅጥበት ምክንያት በዘመኑ ከነበረው የሂሳብ አስተሳሰብ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ልብ ይሏል።

የአድዋው ውጤትም የተነገረው በቁጥር ነው። ጥናቱ ሲጀመር ከሕዝቡ 63 በመቶ የሚሆነው በሽታው ነበረበት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ይህ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው፣ አምስት ዓመት ተደክሞ ሲሦው ሕዝብ አሁንም በሽተኛ ከሆነ ምኑን ሠሩት ሊል ይችላል። ሂሳብ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ትሉ በሰው ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፣ አንድ ትልቅ ሰው ዛሬ በሽተኛ ሆኖ መገኘቱ የዛሬውን ወንዝ ሁኔታ አይነግረንም፤ ትሉን ከድሮ ይዞት ሊሆን ይችላል። የወንዙን ሁኔታ የሚነግሩን ምርምሩ ከተጀመረ በኋላ የተወለዱትና በዚያን ጊዜ ገና ጨቅላ የነበሩት ልጆች ናቸው። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ቁጥሩ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ወጪው በነፍስ ወከፍ በዓመት አሥር የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ብቻ ነበር። አንድ የስታቲስቲክስ ተማሪ ከመላው ሕዝብ ቁጥር ይልቅ የልጆቹን ቁጥር ለምን ማየት እንዳለብን ካልነገረን፣ የአምስት ዓመት ድካም በአንድ የተሳሳተ ንባብ ገደል ይገባ ነበር።

ሙስሊም አንባቢያን እንደምታውቁት ይህ ዓይነቱ መደባለቅ ለእኛ ታሪክ አዲስ አይደለም። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የኖረው አል-ኸዋሪዝሚ ስለ አልጀብር የጻፈው መጽሐፍ ሰፊ ክፍሉ የውርስ ክፍፍል ስሌት ነው፤ የንግድና የመሬት ልኬትም አለበት። ሂሳቡን ከሕጉ፣ ከገበያውና ከቤተሰቡ ለይቶ ማየት ለሱ ትርጉም አልነበረውም። ወደ ጉዳያችን ልመለስ።

እንዶድ ቀንድ አውጣ የሚገድለው በምኑ ነው? ይህን ለማወቅ ፍሬው ወደ ውጭ ቤተ ሙከራዎች መሄድ ነበረበት። አንዱ በለንደን የሚገኘው ትሮፒካል ፕሮዳክትስ ኢንስቲትዩት ነበር። ፕሮፌሰር አክሊሉ በኋላ በአደባባይ እንደተናገሩት፣ የዚያ ተቋም ተመራማሪዎች ከእንዶድ ውስጥ መድኃኒቱን የማውጣት ዘዴን እሳቸው ሳያውቁ በራሳቸው ስም ፓተንት አስደረጉት። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተሻገረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ያሉ ኬሚስቶች ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ሳፖኒን ከሚባሉት አረፋ ከሚያወጡ ውህዶች አንዱ ነው። ለፕሮፌሰሩ ክብር ሲሉም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። አንዱ ተቋም ስማቸውን ሲያስቀር ሌላው በስማቸው ጠራ።

እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነገሩ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ሄደ። ሳፖኒን የሕዋስ ሽፋንን የሚያፈርስ በመሆኑ፣ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ሌላስ ምን ይገድል ይሆን የሚል ጥያቄ ተነሳ። በ1974 እና በ1976 ስለ እርግዝና መከላከያ በሚጽፍ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ የእንዶድ ውህዶች የወንድን ዘር በቤተ ሙከራ እንደሚገድሉ፣ በአይጦች ላይም እርግዝናን እንደሚከለክሉ አሳዩ። እነሆ የልብስ ሳሙናው የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ርዕስ ሆነ! ከዚያ የወጣና ገበያ ላይ የዋለ መድኃኒት የለም። ግን የገጠር ሴቶቻችን ይህንንም ከሊቃውንቱ በፊት በሌላ መንገድ ያውቁት ነበር፤ እንዶድ ጽንስ ለማስወረድ ሲጠጣ መኖሩ የታወቀ ነው። ይህን የማነሳው ማንም እንዲሞክረው አይደለም። እንዶድ ሲጠጣ መርዝ ነው፤ ሕይወት ያጠፋል፤ በዚህ የሞቱ ሴቶች በየአገሩ አሉ። ሴት ልጅ ከጭንቅ ብዛት ወደዚህ ከመድረሷ በፊት የምታማክረው ሰው እንድታገኝ ማድረግ የቤተሰብም የጎረቤትም ኃላፊነት ነው።

ሥነ ተዋልዶን ካነሳን አይቀር፣ ከፍ ብዬ የጠቀስኩት ሁለተኛው የቢልሃርዝያ ዓይነት ጉዳይ አለ። እንቁላሉ በሴት ልጅ ማሕፀን በርና ቱቦ ላይ ሲሰፍር ቁስል ያመጣል፤ መድማት፣ ሕመም፣ መካንነትና ከማሕፀን ውጭ እርግዝና ያስከትላል፤ በኤች አይ ቪ የመያዝ አደጋንም ይጨምራል። በ2019 የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብርና የዓለም ጤና ድርጅት ያወጡት ሰነድ በአፍሪካ እስከ 56 ሚሊዮን የሚደርሱ ሴቶች ይህ ጉዳት እንዳለባቸው ይገምታል። ብዙዎቹ ጉዳታቸው የአባላዘር በሽታ ይመስላቸዋል ወይም ይባላሉ። አንዲት የአፋር ወይም የሶማሌ እረኛ ውሃ ለመቅዳት ወንዝ በመግባቷ ያገኛትን ሕመም፣ ጎረቤት ጠባይዋን ሊጠረጥርበት ይችላል። መካን ሆና ብትፈታስ? ሐኪሙ ወንዙን ካልጠየቃት ሕመሙንም ስሟንም አያድንላትም።

የንግዱን ወገን ሳላነሳ ባልፍ ጽሑፌ ጎደሎ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ቀንድ አውጣ ለመግደል በዓለም ዙሪያ የሚሸጠው ባይሉሳይድ የሚባለው የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ምርት ነበር፤ የአንድ ቶን ዋጋው ከ25,000 ዶላር በላይ እንደነበር ፕሮፌሰሩ ይናገሩ ነበር። ድሃ አገር ይህን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። እንዶድ ግን ገበሬው አጥሩ ላይ ይተክለዋል፤ ፍሬ የሚሰጠውም ሴቴው ተክል ብቻ መሆኑን ማወቅ ይበቃዋል። ታዲያ እንዲህ ያለው ነገር ለምን በቶሎ አልተስፋፋም? ድሃ ገበሬ ከአጥሩ የሚለቅመውን ነገር ለማስተዋወቅ ገንዘቡን የሚያፈስ ኩባንያ የለም። ፈቃድ ለማግኘት የሚጠየቀው የመርዛማነት ምርመራ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል።

የዓለም ጤና ድርጅትም ለእንዶድ ድጋፉን አልሰጠም፤ ምርመራው በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቀ ቤተ ሙከራ እንደገና ካልተደረገ አልቀበልም አለ። ለጤና ጥንቃቄ ማድረግ ተገቢ ነው፤ በዚህ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ፕሮፌሰር አክሊሉ ከዓመታት ምልልስ በኋላ እንደገለጹት፣ አንድ ባለሥልጣን በግልጽ ሲያወያያቸው ዋናው ችግር በአፍሪካ የተሠራ ምርምር ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚለው እንደሆነ ነገራቸው። እኔ ይህን የሰውየው ሕይወት ትልቁ ፈተና አድርጌ አየዋለሁ። ፓተንት ቢወሰድ በሌላ ፓተንት ይካካሳል። ዕውቀትህ የት አገር እንደተሠራ እየታየ የሚመዘን ከሆነ ግን በምን ትከራከራለህ?

እሳቸው የተከራከሩት በሥራ ነው። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ፣ በኋላም በዩኒሴፍ ሲያገለግሉ እንዶድን አልተዉም። አገር ቤት የቀረውን ሥራ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ይዘው ቀጠሉ። ዶክተር ለገሠ የእርሻ ሰው ናቸው። ከመላ ኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ከ60 በላይ የእንዶድ ዓይነቶችን እያወዳደሩ ምርታማነታቸውንና ኃይላቸውን ለኩ፤ ከመካከላቸው ቁጥር 44 የተባለው ዓይነት ልቆ ተገኘ። በዚህ ሰው ላይ ብዙ አለመጻፉ ያሳዝነኛል፤ ዘር መምረጥ የዓመታት ትዕግሥት የሚጠይቅና ጭብጨባ የሌለበት ሥራ ነው። በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ ምባባኔ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ተደረጉ። የተጠየቀው የመርዛማነት ምርመራም በመጨረሻ በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ተሠራ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘውንም የሚያፈርስ ነገር አልተገኘበትም። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስቶክሆልም ተቀበሉ። ከአድዋው ወንዝ እስከዚያ 25 ዓመት ሆኖት ነበር።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓለም አልጠበቀም። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን በ1970ዎቹ ተሠርቶ በቀጣዩ አሥር ዓመት ተስፋፋ፤ ዋጋውም እየወረደ ሄደ። አንድ ጊዜ ተውጦ ትሉን የሚገድል መድኃኒት ሲገኝ፣ ቀንድ አውጣን ማሳደድ ከፋሽን ወጣ። በእውነት ለመናገር ክኒኑ ብዙ ሰው አድኗል። በአገራችንም በኅዳር 2015 በተጀመረው ብሔራዊ ዘመቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎች መውሰድ ጀምረዋል። እንዶድ ተበድሎ ብቻ አልቀረም፤ በከፊል ተቀድሟልም። ይህን የማይቀበሉ የፕሮፌሰሩ አድናቂዎች አሉ፤ እኔ ግን ሚዛን ቢጠበቅ እወዳለሁ። ይሁንና ክኒን የዋጠ ልጅ በማግስቱ ወደዚያው ወንዝ ይገባል። ቀንድ አውጣው እዚያው ነው፤ ልጁም እንደገና ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ በሽታው ባለባቸው አካባቢዎች ከክኒኑ ጎን ቀንድ አውጣን መቆጣጠር እንዲጨመር መክሯል። የፈቀደው መግደያ ግን ያው ጥንቱ ባይሉሳይድ የተሠራበት ኒክሎሳማይድ ነው።

በ1990 ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ዘብራ መስል የሚባል ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገብቶ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ነበር። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፕሮፌሰር አክሊሉ ጋር ሆነው ሲሞክሩት፣ እንዶድ ይህንንም እንስሳ ገደለ። በ1993 ዩኒቨርሲቲው ፓተንቱን አገኘ፤ የፕሮፌሰር አክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ መካከል ሰፍሯል፤ ባለመብቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ሆነ። የኢትዮጵያ ስም በባለመብትነት የለም። በድሃ አገሮች ቢልሃርዝያ ላይ ለሃያ ዓመታት ገንዘብ የጠፋለት ተክል፣ የሀብታም አገር ቧንቧ ሲደፈን በሦስት ዓመት ፓተንት አገኘ። ነጋዴ የሆናችሁ አንባቢያን ይህን ከእኔ በላይ ትረዱታላችሁ፤ ገበያ የሚታዘዘው ለከፋይ ነው።

ኢትዮጵያ የፈጠራ ባለቤትነት አዋጅ ያወጣችው በ1995 ነው። የአገር ተክልና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለፈቃድ እንዳይወሰድ የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ወጣ። ሁለተኛው አዋጅ ማኅበረሰቡ ለሚያውቀው ነገር ፈቃድ የመስጠትም የመከልከልም መብት ይሰጠዋል፤ ከጥቅሙም ድርሻ እንዲያገኝ ያዛል። በዚህ አዋጅ ቢሄድ የአድዋ አጣቢዎች ድርሻ ነበራቸው ማለት ነው። የቶሌዶው ፓተንት ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል፤ ዛሬ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል፤ እኛም ጭምር።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በኤፕሪል 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። የመሠረቱት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ በሰፈረ ሰላም ካምፓስ፣ በስማቸው ተሰይሞ ይሠራል። የምደባ ወረቀት ይዘው የሚያማክሩኝን የ18 ማዞሪያ ልጆች፣ ማመልከቻቸውን ከመሙላታቸው በፊት እዚያ ሄደው የትኛው ትምህርት ክፍል የማያስፈልግበት ምርምር እንዳለ እንዲጠይቁ እልካቸዋለሁ።